ጄኔሬተሩ ከቤት ይውጣ
(በማኅበራችን የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላት የተደረገ ንግግር)



በ2001 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ መብራት በፈረቃ ሲታደል ጄኔሬተር በየደጁ እንደተገተረ ታስታውሳላችሁ። ዛሬም መብራት ሲጠፋ ድምፁ ይሰማል። እኔ የመጣሁት ግን ስለ ጭሱ ልናገር ነው።

የመልካ ጀብዱን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ሌሊት ያለ ቬንትሌተር መተኛት ጭንቅ ነው። ጄኔሬተሩም ሌባ እንዳይወስደው ተብሎ በረንዳ ወይም ኮሪደር ውስጥ ይነሳል። በተዘጋ ቤት የከሰል ጭስ እንደሚገድል የማያውቅ የለም። ከጄኔሬተር የሚወጣውም ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ሽታም ቀለምም ስለሌለው የተኛን ሰው ሳያነቃ ይወስዳል። መስኮት መክፈት አያድንም፤ እንዲያውም ጄኔሬተሩ መስኮት ሥር ከቆመ ጭሱን ያስገባዋል። ከቤት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ ጭስ ማውጫው ወደ ሜዳ ዞሮ ይቁም። ለሌባው ሰንሰለትና ቁልፍ አለ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማዞር የተሰማው ሰው ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፤ ከዚያም ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ሌላው ጥፋት ጄኔሬተሩን በሶኬት በኩል ከቤቱ መስመር ጋር ማገናኘት ነው። ኤሌክትሪኩ በቆጣሪው አልፎ ወደ ሰፈሩ ትራንስፎርመር ይመለሳል፤ እዚያ 220 ቮልቱ ወደ 15,000 ሊያድግ ይችላል። ምሰሶ ላይ ያለው ሠራተኛ መስመሩ ተቋርጧል ብሎ ነው የወጣው፤ እሱም የልጆች አባት ነው። ሁለቱን መስመሮች የሚለይ ማብሪያ ማጥፊያ በባለሙያ ያላስገባ ሰው ፍሪጁንና አምፖሉን በኤክስቴንሽን ገመድ በቀጥታ ከጄኔሬተሩ ይሰካ።

ነዳጅ ከመጨመሩ በፊት ሞተሩ ይጥፋ፣ ይቀዝቅዝ። ፍሪጅ ካልተከፈተ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ስለዚህ ለእሱ ሲባል ሌሊቱን ሙሉ ማስነሳት አያስፈልግም። ቤንዚኑም ይተርፋል።