የሰረጎደ የመሰለኝ ሥዕል

ውድ እህቶቼ፣ ዛሬ የምነግራችሁ አቧራ ስጠርግ ስላየሁት ሥዕል ነው።

የማዳም ልጅ ሥዕል ትማራለች። አንድ ቀን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ገልጣ የተወችውን መጽሐፍ ላነሳ ስል ደነገጥኩ። ጥቁርና ነጭ ካሬዎች እንደ ዳማ ገበታ ተደርድረዋል፤ ወደ ቀኝ ሲሄዱ ግን ገጹ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። እርጥብ እጄ ያበላሸው መስሎኝ «ዛሬ አለቀልኝ» አልኩ። ስዳስሰው ልሙጥ ነው።

ልጅቷ ሳቀችና አስረዳችኝ። ሠዓሊዋ ብሪጅት ራይሊ ትባላለች፤ እ.ኤ.አ. በ1931 ለንደን የተወለደች እንግሊዛዊት ናት። «እንቅስቃሴ በካሬዎች» የተባለውን ይህን ሥዕል የሠራችው በ1961 ነው። እንዲህ ዓይንን የሚያታልል አሣሣል «ኦፕ አርት» ይባላል። በ1965 ኒውዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ትልቅ ዐውደ ርዕይ ቀርቦበታል።

አላመንኩም። የስፌት ክር አምጥቼ ለካሁ። የካሬዎቹ ቁመት ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። የሚለወጠው ስፋታቸው ብቻ ነው፤ እየጠበበ ሄዶ እንደ ስንጥር ይቀጥናል፣ ከዚያ መልሶ ይሰፋል። የራቀ ነገር ጠቦ ስለሚታየን፣ ዓይናችን ጥበቱን ርቀት ያደርገዋል። ጉድጓዱን የጨመርነው እኛው ነን።

እህቶቼ፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ታናሽ እህቴ ከ11ኛ ክፍል አቋርጣ ወደዚህ ልትመጣ ደላላ ይዛለች። ስከለክላት «አንቺ በወርቅ ወንበር ተቀምጠሽ እኔን ታስቀሪኛለሽ?» አለችኝ። ያንን ፎቶ የላክሁላት እኔ ነኝ፤ ማዳም በሌለችበት ወንበሯ ላይ ተቀምጬ። ፎቶው ውሸት የለበትም። ወንበሩም አለ፣ እኔም አለሁ። የቀረውን የሞላው ዓይኗ ነው።

በማግስቱ ደወልኩላት። ስንት ሰዓት ተነስቼ ስንት ሰዓት እንደምተኛ፣ ደመወዜ ስንት እንደሆነ፣ ከዚያ ላይ ምን እንደሚተርፈኝ ቁጥር በቁጥር ነገርኳት። የምተኛበትንም ክፍል ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። አልቅሳ ስልኩን ዘጋችብኝ። እስካሁን አልወሰነችም። ብትመጣም ለክታ ትመጣለች።

እኛ ሁላችንም ለቤተሰብ ፎቶ እንልካለን፤ አትላኩ አልልም። ግን ከፎቶው ጋር ክሩንም ላኩ።