ፋሲካና የዘር ጤፍ
(በንባብ ጣቢያ ለተሰበሰቡ ገበሬዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ በዓል ድግስ ነው። አይዟችሁ! ድግስ ተዉ ልንላችሁ አልመጣንም። አንድ ጊዜ እንዲያ ብለን ተናግረን አፍረናል። እንዴት እንዳፈርን በመጀመሪያ እንንገራችሁ።

በ1967 ዓ.ም. እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ ገጠር ተላክን። የኛ ጓዶች ሰባት ነበርን። የደረሰን አገር ምንጃር ነው። የሁላችንም ዕድሜ ከሃያ ሦስት አያልፍም። ቀን ቀን ከመንደሩ ሰው ጋር እንሠራለን፤ ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ፊደል እናስቆጥራለን።

ዐቢይ ጾም እንደ ገባ ስብሰባ ጠራን። ከመካከላችን አንዱ ተነሥቶ፣ «የበዓል ድግስ ሀብት ያባክናል፤ ኋላ ቀር ልማድ ነው፤ መቅረት አለበት» ብሎ ተናገረ። እኛም አጨበጨብን። ሌላ ያጨበጨበ ሰው አልነበረም።

ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ባልቴት ብድግ አሉ። «ልጆቼ፣» አሉን፣ «ዓመቱን ሙሉ በሽሮ እንገፋለን። ፋሲካን ከወሰዳችሁብን ዓመቱን በምን እንቆጥረዋለን? ደግሞስ፣ እናንተን የወለደች እናት ለፋሲካ ቤቷን ዘግታ ትውላለች?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኛ መልስ አጣን።

ለምን አጣን? የኛ እናቶችም ለፋሲካ ቤታቸውን ዘግተው አይውሉም ነበርና ነው። ከተማ ቢሆኑም ከሱቅ በዱቤ ይወስዳሉ። ዕቁባቸውን ለበዓል እንዲደርሳቸው ይለምናሉ። ዶሮው ካልተሠራ በዓሉ የመጣ አይመስላቸውም። እኛም ልጆቻቸው ዶሮውን በልተን አድገናል። ታዲያ በምን አፋችን ነው ሌላውን ሰው «ተው» የምንለው?

በዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 26 ቀን ዋለ። ከቤታችን ርቀን ስንውል የመጀመሪያ በዓላችን ነበር። አንድ ገበሬ ሰባታችንንም ጠሩን። እኚህን ሰው አባባ፣ ባለቤታቸውን ደግሞ እማማ እያልን ነበር የምንጠራቸው። ስማቸውን እዚህ አንጽፍም።

አባባ ጭሰኛ ነበሩ። ቀድሞ በየዓመቱ ፋሲካ ሲደርስ ካሏቸው በጎች የሰባውን መርጠው ለባለ መሬቱ ይወስዱ ነበር። በጉን አስረክበው፣ እጅ ነሥተው ይመለሳሉ። ልጆቻቸው በጉን የሚያውቁት ሲያግዱት እንጂ ሲበሉት አልነበረም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ጭሰኝነት ቀረ። ስለዚህ የዚያ ዓመት ፋሲካ በጉ ከቤት ያልወጣበት የመጀመሪያው ፋሲካ ነበር። «ዘንድሮ በጉ የኛ ነው!» እያሉ አባባ ላገኙት ሰው ሁሉ ይናገሩ ነበር።

ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ገባን። ቤቱ ቄጠማ ተጎዝጉዞበታል። «እንኳን ጾመ ልጓሙን ፈታላችሁ» ተባባልን። ዶሮው ቀረበ። ጠላው ተቀዳ። ከእኛ አንዱ እንጀራውን በእጁ እንደ ያዘ እናቱ ትዝ አሉትና ዕንባው መጣ። እማማ ይህን አዩ። ምንም ሳይናገሩ ፈረሰኛውን አውጥተው አጎረሱት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ በዚያ ቤት እንግዳ መሆናችን ቀረ።

ሲነጋ የቅርጫው በሬ ታረደ። ሥጋው በየመደቡ ተደለደለ። እያንዳንዱ አባ ወራ የራሱን ምልክት፣ አንዱ እንጨት፣ አንዱ ጠጠር፣ ለአንድ ሕፃን ልጅ ሰጠ። ልጁም በየመደቡ ላይ አኖረው። ማንም «የኔ አነሰ» ማለት አይችልም። እንዲህ ያለ ዳኝነት በትምህርት ቤት አላየንም።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር አየን። አባባ ከታናሽ ወንድማቸው ጋር በድንበር ተጣልተው ሁለት ዓመት አይነጋገሩም ነበር። ሽማግሌዎች ታናሽየውን ይዘውት ገቡ። «በፋሲካ ቂም ተይዞ አይበላም» አሉ። ሁለቱ ተቃቅፈው ተሳሳሙ። ከአንድ ማዕድም በሉ።

እንግዲህ ንገሩን፤ ይህን ሁሉ ብክነት እንበለው? አንልም። ለካ ድግስ ማለት ሆድ መሙላት ብቻ አይደለም። የተራራቀው የሚገናኝበት፣ የተጣላው የሚታረቅበት፣ ባይተዋሩ ልጅ የሚሆንበት ቀን ነው። እኛም «ይጨመርልን» እያልን በላን፤ ጠጣን፤ ዘፈንን።

ክረምት ገባ። ሐምሌ መጣ። ጎረቤቱ ሁሉ ጤፉን ለመዝራት መሬቱን ሲያለሰልስ አባባ አህያቸውን ጭነው ወደ ገበያው መንገድ ሲመላለሱ አየን። ጠየቅናቸው። «እንዲሁ ነው» አሉን። ፊታቸው ግን ጠቁሯል። በኋላ ከእማማ ሰማን።

ለፋሲካ ከጎተራው አንድ ኩንታል ጤፍ ወጥቶ ተሽጦ ኖሯል። ከዚያ ውስጥ ግማሹ ለዘር የተቀመጠ ነበር። አባባ የሚዘሩት ጤፍ አልነበራቸውም። ካንድ ነጋዴ ግማሽ ኩንታል ተበደሩ። ውሉ በጥር አንድ ኩንታል ለመመለስ ነው። ግማሽ ተወስዶ ሙሉ ይመለሳል። በነሐሴና በመስከረም ደግሞ የሚበላው እህል ሳሳ። ልጆቹ የተቆላ ባቄላ ቆርጥመው ያደሩበት ሌሊት አለ።

እማማ ይህን ሲነግሩን አልተቆጡም። «ያን ቀን የበላችሁት ዘሩን ነበር፣ ልጆቼ» አሉን። «ግን አትዘኑ። ደስ ብሎን ነው ያበላናችሁ።»

እኛ አንገታችንን ደፋን። «አትደግሱ» ብለን የተናገርን ሰዎች የሰው ዘር በላን! ከንግግራችን ይልቅ ሆዳችን ነበር የታዘዘው።

አባባንም ጠየቅናቸው። «ለምን ዘሩን ሸጡት?» አልናቸው።

«እናንተ ልጆች ናችሁ» አሉን። «ዕድሜ ልኬን በግ ስጎትት ለሰው ያስረከብሁ ሰው ነኝ። ነጻ በወጣሁበት ዓመት ጎረቤቴን በወጉ ባላበላ ምን እባላለሁ?»

ምን እባላለሁ! እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ዘሩን ያስሸጠው ፋሲካው አይደለም። ፋሲካ «ጾማችሁን ፍቱ፣ ደስ ይበላችሁ» ይላል እንጂ «ተበደሩ» አይልም። ዘሩን ያስሸጠው ይሉኝታ ነው። ያኛው ሁለት ዶሮ ሲያርድ እኔ አንድ ባርድ ምን እባላለሁ? የእገሌ ጠላ ወፍራም ሆኖ የኔ ቢቀጥን ምን እባላለሁ? እንዲህ የሚለው ጎረቤትም በቤቱ ሆኖ ይህንኑ ያስባል። ሁሉም ሌላውን ይፈራል። ሁሉም ይበደራል። በሐምሌ ግን «ምን ዘራህ?» ብሎ የሚመጣ የለም።

ጥር 1968 ዓ.ም. ደረሰ። ጤፉ ተወቃ። አባባ ከምርቱ አንድ ኩንታል ለነጋዴው ከፈሉ። በዚያን ጊዜ ማንበብና መጻፍ፣ መደመርና መቀነስ ችለው ነበር። አንድ ማታ ወረቀትና እርሳስ ይዘው መጡ። «ያን ፋሲካ በወረቀት ላይ አድርጉልኝ» አሉን። «እርስዎ ይጻፉት» አልናቸው። በገዛ እጃቸው እንዲህ ብለው ጻፉ፦

ለቅርጫ፣ 10 ብር።
ለሁለት ዶሮ፣ 3 ብር።
ለቅቤ፣ 6 ብር።
ለጌሾ፣ ለቡናና ለቅመም፣ 4 ብር።
ለልጆች ልብስ፣ 9 ብር።
ድምር፣ 32 ብር።

ለጠላና ለእንጀራ የወጣው እህል፣ የታረደውም በግ አልተቆጠረም። አባባ ድምሩን ደጋግመው አነበቡት።

እማማ ከምድጃው አጠገብ ሆነው ያዳምጡ ነበር። «ጨረሳችሁ?» አሉ። «ጨረስን» አሉ አባባ። «የኔ እግርስ የት ተጻፈ?» አሉ እማማ።

እውነት ነው፤ የትም አልተጻፈም። በዚያ መንደር ውኃ ሩቅ ነበር። ለዚያ ድግስ እማማ 14 እንስራ ውኃ በጀርባቸው ተሸክመዋል። ጌሾውን ወቅጠዋል፤ ብቅሉን አብቅለዋል፤ እንኩሮውን አንኩረዋል፤ ጠንስሰው ደፍድፈዋል። ሽንኩርቱን ልጠው፣ ከትፈው፣ ዶሮዎቹን በልተው፣ እያንዳንዷን አሥራ ሁለት ብልት አድርገው አጥበዋል። ጾም በሚጸናበት በስቅለት ሳምንት እንቅልፍ አልነበራቸውም። ሁላችን ስንቀመጥ እርሳቸው ቆመው ነበር። የበሉት ከሁሉ በኋላ ነው።

አባባ ብዙ ዝም አሉ። ከዚያም እርሳሱን አንሥተው፣ ፊደሉን እያጣመሙ፣ «ውኃ፣ 14 እንስራ» ብለው ከድምሩ በታች ጻፉ።

ከዚያ ወዲያ ባልና ሚስት ተማከሩ። አስቀድመው የዘሩን ጤፍ ለብቻው በጎታ ጨመሩት። አፉን በጭቃ መረጉት። ሰው ቢታመም እንጂ ለድግስ እንዳይከፈት ተስማሙ። ቀጥሎም ሦስት ጎረቤቶቻቸውን አነጋገሩ። አራቱ ቤት በአንድ ላይ ሊደግስ ቆረጠ። አንዱ ቤት ጠላውን፣ አንዱ ዳቦውን፣ አንዱ ዶሮውን፣ አንዱ እንጀራውንና ቡናውን ያዘ። ውኃውን ወንዶች በአህያ አመላለሱት። እንጨቱንም ወንዶች ፈለጡት። በመጀመሪያው ቀን የሳቀባቸው ሰው ነበር። በሦስተኛው ቀን ሳቁ ቀረ።

በ1968 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 17 ቀን ዋለ። አራቱ ቤት በአንድ ቤት አፈጠረ። ሁሉም ሰው ደስ አለው ብለን አንዋሽም። የአባባ እናት፣ «ጠላው ቀጠነ» ብለው አጉረመረሙ። አባባም ከወዲያ መንደር ትልቅ ድግስ ሲሰሙ ፊታቸው ትንሽ ቅር አለው። «የኔ በር ዘንድሮ ጠበበ» አሉን ቀስ ብለው። እኛም ያለፈውን ዓመት ድግስ ናፈቅን። መናፈቃችንም አሳፈረን። በአንድ ልብ ሁለት ነገር ሊኖር ይችላል። ድግሱን መውደድና ዕዳውን መጥላት በአንድ ሰው ውስጥ አብረው ያድራሉ። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ሰው መሆን ነው።

ነገር ግን በዚያ ቀን አንድ ያልነበረ ነገር አየን። እማማ ከእኛ ጋር ተቀምጠው ነበር። ከመጀመሪያው እንጀራ ቆርሰው በሉ። ፈረሰኛውን አባባ አወጡና እማማን አጎረሷቸው።

ዘመቻው አብቅቶ ስንሰናበት ወደ ጓዳ አስገብተው ጎታውን አሳዩን። ጭቃው እንደተመረገ ነው። ጣታችንን ሰደን ነካነው። ደረቅ ነበር።

ወገኖቻችን ሆይ፣ ነገራችንን ልንጨርስ ነው። ከዚህ ንግግር «ድግስ መጥፎ ነው» የሚል ቃል ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ጾሙ የሚፈታበት፣ ዘመድ የሚሰበሰብበት ቀን ያስፈልገናል። ነገር ግን አባቶቻችን፣ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለዋል። ድግስም እንደዚሁ ነው። አንድ ቤት ብቻውን ሲሸከመው ያጎብጣል። ሲከፋፈሉት ያምራል።

እናንተ ማንበብና መጻፍ ችላችኋል። እንግዲያው በዓል ሳይደርስ አንድ ማታ ባልና ሚስት ሆናችሁ ተቀመጡ። አንድ ወረቀት አውጡ። መጀመሪያ፣ «የዘር እህል ስንት ነው? የት ተቀመጠ?» ብላችሁ ጻፉ። ሁለተኛ፣ «እስከ አዲሱ እህል ድረስ የምንበላው ስንት ነው?» ብላችሁ ጻፉ። ከዚህ የተረፈው የድግሱ ነው። ከዚያ በላይ ያለው የነጋዴው ነው። ሦስተኛ፣ የሚሠራውን ሥራ ሁሉ ጻፉ። በእያንዳንዱ ሥራ አንጻር የሚሠራውን ሰው ስም አኑሩ። የአንድ ሰው ስም ብቻ ከላይ እስከ ታች ከተደረደረ፣ ወረቀቱን አንድ ጊዜ ደግማችሁ አንብቡት።

ያን ጊዜ ማንም ሳይነግራችሁ የሚስተካከለውን ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

ለከርሞው በሰላም ያድርሰን።