ጠፋ የተባለን ዲስክ ከመዝገብ ስለ መሰረዝ



ልደታ ኮንዶሚኒየም ለፍርድ ቤቱ ቅርብ ነው። በዚያ ሠፈር ቢሮ ለከፈተ ጠበቃ ኢሜይል ተራ ደብዳቤ አይደለም፤ ቀጠሮ ነው፣ ውል ነው፣ ማስረጃ ነው። እንዲህ ያለው ቢሮ የራሱን የፖስታ ሰርቨር ቢያቆምና፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ከሦስቱ ዲስኮች አንዱ ባይታይ፣ የተጠራው ባለሙያ ምን ያድርግ?

ሃይንዝ ማውልስሃገን በ1998 እ.ኤ.አ. ለሊኑክስ የጻፈው ኤልቪኤም የተባለው ፕሮግራም ብዙ ዲስኮችን በአንድ ግቢ ያስተዳድራል። እያንዳንዱ ዲስክ እንደ አንድ ብሎክ ነው። በውስጡ የሚከፈለው ቮሉም ግን ከኮንዶሚኒየም ቤት ይለያል፤ ሳሎኑ በአንዱ ብሎክ፣ ማድቤቱ በሌላው ሊሆን ይችላልና። የትኛው ክፍል የት እንዳለ የሚያውቀው መዝገቡ ብቻ ነው።

ቪጂሪዲውስ የተባለው ትእዛዝ፣ «ሪሙቭሚሲንግ» ሲታከልበት፣ የታጣውን ዲስክ ከዚህ መዝገብ ይፍቃል። በታጣው ዲስክ ላይ አንዲት ክፍል እንኳ ያለችው ቮሉም ካለ ግን እንቢ ይላል። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። እንቢታውን እንደ እንቅፋት ቆጥሮ «ፎርስ» የሚለውን ማስገደጃ ቢጨምር፣ ማድቤቱ የጠፋበት ቤት ከነሳሎኑ ይሰረዛል። የሁለቱ ደኅነኛ ዲስኮች ደብዳቤም አብሮ ከመዝገብ ይወጣል።

የታጣ ሁሉ ደግሞ የሞተ አይደለም። የላላ ገመድ ወይም የደከመ ፓወር ሰፕላይ ደኅናውን ዲስክ የሌለ ያስመስለዋል። ስለዚህ አስቀድሞ ገመዱ ይለወጥ፤ ዲስኩም በሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሞከር።

ባለቤቱ «ደብዳቤ እየጠፋብኝ ነው» ብሎ ቢያጣድፍም፣ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢሜይል መተላለፊያ ደንብ ላኪው ሰርቨር ቢያንስ ከ4 እስከ 5 ቀን ደጋግሞ እንዲሞክር ያሳስባል። ዝግ ደጅ መልእክተኛውን ያስጠብቀዋል፤ ተከፍቶ «እንዲህ የሚባል ሰው አናውቅም» የሚል ደጅ ግን ጨርሶ ይመልሰዋል። ባዶ ሰርቨር በችኮላ ማስነሣት ከመዘጋት የሚከፋው በዚህ ምክንያት ነው።

ዲስኩ በእርግጥ ከሞተ፣ የቀሩት ሁለቱ እንዳሉ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጡ። ከዚያም በግልባጩ ላይ ቮሉሙ በከፊል ተነቅቶ፣ ለማንበብ ብቻ ይከፈት። የፋይል ሥርዓቱ ዋና መዝገብ ከተረፈና ሰርቨሩ እያንዳንዱን ደብዳቤ በየራሱ ፋይል የሚያስቀምጥ ከሆነ ብዙው ይነበባል። የአንድን ሰው ደብዳቤዎች ሁሉ በአንድ ረጅም ፋይል የሚያከማች ከሆነ ግን ሥራው አድካሚ ነው፤ ፋይሉ መኻል ላይ ይቆረጣልና። የማስገደጃው ትእዛዝ ተራው የሚደርሰው የተቀዳው ተከፍቶ ከታየ በኋላ ነው።

ትእዛዙ አስቀድሞ ተሰጥቶ ከተገኘስ? ኤልቪኤም መዝገቡን ከመለወጡ በፊት የቀድሞውን ግልባጭ ያስቀራል። በዲስኮቹ ላይ ሌላ ነገር እስካልተጻፈ ድረስ፣ ቪጂሲኤፍጂሪስቶር በተባለው ትእዛዝ የክፍሎቹን አድራሻ መመለስ ይቻላል። ግልባጩ የተቀመጠው በዚያው በተሰረዘው ቮሉም ውስጥ ከሆነ ግን ቁልፉ ቤት ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ስለዚህ አንድ ቅጂ ከሰርቨሩ ውጭ ይኑር።