ዳገት ስላቃተው አሮጌ ሞተር
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተነገረ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የምናቀርበው ጉዳይ ትንሽ ቢመስልም ከብዙ ሰው እንጀራ ጋር የተያያዘ ነው። አንድ የታክሲ ነጂ ሞተሩ ሲደክምበት «አልቋል፤ ይፈታ» ከተባለ የብዙ ወር ገቢው በአንድ ቀን ይሄዳል። በሽታው ግን አንዳንድ ጊዜ በአቧራ የታፈነ የአየር ማጣሪያ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ሐረርን የሚያውቅ ሁሉ ፔዦ 404ን ያውቃል። ይህች መኪና በፈረንጆች አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ወጥታ፤ በሐረር ከተማ ለብዙ ዓመታት በታክሲነት አገልግላለች። ከጁገል ግንብ በስተምሥራቅ ካለው ከኤረር በር ተነሥቶ ወደ ኤረር ሸለቆ መውረድ ለማንኛውም ሞተር ቀላል ነው፤ ፈተናው ሰውና ዕቃ ጭኖ ዳገቱን መመለስ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የአገሩን አየር እንወቅ። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለ ሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 80 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ 70 የፈረስ ጉልበት ያለው የካርቡራተር ሞተር እዚህ ወደ 56 ይወርዳል። ይኸውም የተፈጥሮ ሕግ እንጂ ብልሽት አይደለም። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታልና ጥቁር ጭስ ቢያወጣ፤ የካርቡራተሩን የቤንዚን ቀዳዳ በጠበበ መለወጥ ይረዳል።

ሁለተኛ፤ ሞተሩ ደከመ ወይስ መኪናው ተያዘ? ብልኅ ነጋዴ በቅሎው ስትለግም ከመግረፉ በፊት ጭነቱንና ሰኮናዋን ያያል። እኛም የጎማውን ንፋስ እንመልከት። ጥቂት ከነዳን በኋላ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ይልቅ ቢግል ፍሬኑ አልለቀቀም ማለት ነው። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልፈጠነ ደግሞ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል።

ሦስተኛ፤ አየርና ቤንዚን። ማጣሪያውን እናጽዳ። ሞተሩን አጥፍተን አንዳችን የቤንዚን ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ስንረግጥ ሌላው የካርቡራተሩ በር ሙሉ በሙሉ መከፈቱን ይመልከት። መኪናው ጥቂት ሄዶ የሚደክም፤ ቆሞ ሲያርፍ ግን የሚያገግም ከሆነ ቤንዚን አልደረሰውም። የጋኑ ክዳን መተንፈሻ ተደፍኖ እንደ ሆነ ክዳኑን ስናላላው ወዲያው ይታወቃል። ካልሆነ የቤንዚኑን ማጣሪያና ፖምፓ እንመርምር፤ በዚያ ጊዜ ሲጋራ የያዘ ሰው አይቅረብ።

አራተኛ፤ እሳቱ። ካንዴላዎቹን አውጥተን ቀለማቸውን እንይ፤ ጥቀርሻ የለበሰ የቤንዚን መብዛትን፤ በዘይት የራሰ የሞተሩን ማርጀት ያመለክታል። የፑንቲናውን ክፍተትና እሳቱ የሚነሣበትንም ጊዜ እናስተካክል፤ እሳቱ ከዘገየ ሞተሩ ይግላል፤ ጉልበቱም ይወድቃል።

ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ ብቻ ወደ ሞተሩ ውስጥ እንገባለን፤ እርሱንም ሳንፈታ። በየሲሊንደሩ የእመቃውን ግፊት በመለኪያ እንለካ። አንዱ ቢያንስ ጥቂት ዘይት ጨምረን እንደገና እንለካው፤ ግፊቱ ከፍ ካለ የፒስተኑ ፋሻ አልቋል፤ ካልተለወጠ ጥርጣሬው ወደ ቫልቩ ይሄዳል።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ የዚህ ሥራ ምስጢሩ ቅደም ተከተሉ ነው። ገንዘብ ከማያስወጣው ጀምሮ ብዙ ወደሚያስወጣው መሄድ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፤ ያዩትንም መጻፍ ነው። ሦስት ነገር በአንድ ላይ የለወጠ ሰው መኪናው ቢድንለት እንኳ መድኃኒቱን አያውቀውም።

በክፍል ውስጥ ስለ አየር ግፊት የምንማረው ለፈተና ብቻ ከሆነ ለዳገቱ ምን ይጠቅማል? የሞተሩን ድምፅ ሰምተው በሽታውን የሚለዩ መካኒኮች ከእኛ የሚፈልጉት መለኪያና መዝገብ ነው፤ እኛም ከእነርሱ የምንማረው ጆሮና እጅ አለ። በዕረፍት ቀናችን ወደ ጋራዡ ወርደን በትሕትና እንጠይቃቸው፤ የምናውቀውንም ሳንኮራ እናካፍላቸው። ያን ጊዜ አንድ ነጂ ያለ አግባብ ሞተሩን ከማስፈታት ቢድን ትምህርታችን ፍሬ አፈራ ማለት ነው።