ከመስክ ወደ ምድጃ



መስከረም ላይ የደጋ ግጦሽ ውስጥ ቆማችሁ ታውቁ ይሆናል። መስኩ እስከ ሥሩ ተግጦ ሳለ፣ እዚህም እዚያም ክብ ሠርቶ ረዝሞና ጠቁሮ የቆመ ሣር አለ። ገለጥ ብታደርጉት ከሥሩ ክረምቱን የበሰበሰ እበት ታገኛላችሁ። ከብት ሽታውን ሸሽቶ አይነካውም፤ መሬቱ ግን ድርሻውን ተቀብሏል።

ላም ከሣሩ ጋር የወሰደችው ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም ከመቶ 75 እስከ 90 እጁ ተመልሶ ይወጣል። ፎስፈረሱ በእበቱ፣ ፖታሲየሙ በአብዛኛው በሽንቷ፣ ናይትሮጅኑ በሁለቱም። እበቱ ሜዳ ላይ ከደረቀ ጥቅሙ ይቀንሳል፤ አፈር ውስጥ የሚያስገባው ጥንዚዛ ነው። የዚህን ፍጥረት ዋጋ አውስትራሊያውያን በችግር ተምረውታል። እ.ኤ.አ. በ1788 የመጀመሪያዎቹ ከብቶች ሲገቡ፣ የአገሩ ጥንዚዛ የለመደው የካንጋሩን ደረቅ ኩስ ነበርና የላምን እበት ሊሠራበት አልቻለም። እበቱ መስኩን አለበሰው፤ ዝንብም ተራባበት። በኋላ በትውልድ ሃንጋሪያዊው ሳይንቲስት ጆርጅ ቦርኔሚሳ ባነሣው ሐሳብ ጥንዚዛ ከአፍሪካና ከአውሮፓ ተጓጓዘላቸው።

እኛ ዘንድ ጥንዚዛው አለ። የጠፋው እበቱ ነው።

ክረምቱ አልፎ ፀሐይ ሲበረታ፣ እናቶችና ልጃገረዶች መስኩን ዞረው እበቱን ይለቅማሉ፤ ከጭድ ጋር ለውሰው በመዳፋቸው ይጠፈጥፉታል። የደረቀውን ኩበት አንሥታችሁ ብታዩት የአምስት ጣት አሻራ ታትሞበታል። እነርሱን የምወቅስበት አፍ የለኝም፤ ዛፍ ባለቀበት አገር እንጀራ በምን ይጋገር? ሒሳቡን ግን ልናውቀው ይገባል። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል። ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ አመድ ውስጥ ይቀራሉ፤ አመዱም ጓሮ ይደፋል። የጓሮው ጎመንና ጌሾ እየፋፋ ግጦሹ ከዓመት ዓመት የሚሳሳው አንድም በዚህ ነው። ገበሬውም በጭስ የሄደውን ናይትሮጅን ዩሪያ ብሎ በገንዘቡ ይገዛዋል።

ስለዚህ የግብርና ባለሙያዎች ሆይ፣ የማገዶን ጉዳይ የአፈር ጉዳይ አድርጋችሁ ያዙት። ለእናቶች ከኩበት የተሻለ ማገዶ ሳታቀርቡ እበቱን ተዉ አትበሏቸው። ባዮጋዝ በተተከለበት ቤት ጋዙ ወጥ ሲሠራ ናይትሮጅኑ ዝቃጩ ውስጥ ይቆያል፤ ያ ዝቃጭ ጓሮ ብቻ እንዳይቀር፣ መስኩም ይድረሰው።