ዓይኑ ሩቅ የማያይ ተማሪና የአብራሪነት የጤና ምርመራ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የሳይንስ ክበብ ተማሪዎች ያደረጉት ንግግር)



 ስለ ምን እንናገር ብለን በተመካከርን ጊዜ ብዙ አሳብ ቀርቦ ነበር። በመጨረሻ የመረጥነው ግን በየክፍላችን ደጋግሞ የሚነሣውን ጥያቄ ነው፤ ይኸውም «ዓይኑ ሩቅ የማያይ ተማሪ አይሮፕላን አብራሪ ሊሆን ይችላልን?» የሚል ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚበረው አይሮፕላን በጎጃም ሰማይ ላይ ሲያልፍ ሁላችንም ቀና እንላለን። ከመካከላችን ግን ድምፁን ሰምቶ ራሱን አይሮፕላኑን የማያይ አለ። ጓደኞቹ «ያውና!» ሲሉ እርሱም እንዳያፍር «አዎን፣ አየሁት» ይላል። እኛ ዛሬ የምንናገረው ከሁሉ ይልቅ ለዚህ ልጅ፣ ለአባቱና ለእናቱም ነው።

መልሱን ሳናዘገይ እንስጥ፤ አዎን፣ ብዙ ጊዜ ይቻላል። ነገር ግን የሚቻለው የዓይኑን ነገር አስቀድሞ መርምሮ ላወቀ እንጂ ለደበቀ አይደለም።

አገራችን ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ አደረገ። በዚያን ጊዜ አብራሪዎቹ አሜሪካውያን ነበሩ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ እ.ኤ.አ. በ1957 ዓ.ም. የአየር መንገዱ የመጀመሪያ ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ካፒቴን አምሳለ ጓሉ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነች። እንግዲህ የቁይ ወንድ ልጅም ሴት ልጅም ይህን ሥራ ቢመኙ ምኞታቸው ከአቅም በላይ ነው የሚል ሰው መልስ አለው።

ምርመራው ምን እንደሚጠይቅ እንመልከት። ደንቡ የተመሠረተው የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ባወጣው መለኪያ ላይ ነው። የተሳፋሪ አይሮፕላን ለሚያበርር ሰው የሚሰጠው የጤና ማረጋገጫ አንደኛ ደረጃ ይባላል። በዚህ ደረጃ እያንዳንዱ ዓይን ለብቻው 6/9 ወይም ከዚያ የተሻለ፣ ሁለቱ ዓይኖች በአንድነት ደግሞ 6/6 ወይም ከዚያ የተሻለ ማየት አለባቸው። 6/9 ማለት ጤናማ ዓይን ከ9 ሜትር ላይ የሚለየውን ፊደል እኛ ከ6 ሜትር ላይ ስንለየው ነው። በቅርብም ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ባለው ርቀት ላይ ጥቃቅን ጽሕፈት ማንበብ ይጠየቃል። ከሁሉ የሚበልጠው ቃል ግን ብዙ ተማሪ የማይሰማው ቃል ነው፤ ደንቡ «በመነጽር ወይም ያለ መነጽር» ይላል። ሐኪሙ የሚጠይቀው ዓይናችን ከመነጽሩ ጋር ምን ያህል እንደሚያይ ነው። በመነጽር ያለፈ ሰው በፈቃዱ ላይ «መነጽር አድርጎ ይብረር» ተብሎ ይጻፍበታል፤ ሁለተኛ መጠባበቂያ መነጽርም ከአጠገቡ መለየት የለበትም። ዓይኑ ያለ መነጽር ከ6/60 የባሰ ከሆነም በሩ ወዲያው አይዘጋበትም፤ የዓይን ሐኪም የተሟላ ምርመራ አድርጎ ጽሑፉን እንዲያቀርብለት፣ ይህንንም በየ5 ዓመቱ እንዲያድስ ይጠየቃል።

የአየር ኃይል ምርመራ ግን ሌላ ነው፤ የራሱ ደንብ ስላለው ከዚህ ጋር አትቀላቅሉት። እንዲሁም የአብራሪ ሠልጣኝ ማስታወቂያ በወጣ ጊዜ ስለ ዕድሜ፣ ስለ ቁመትና ስለ ትምህርት የተጻፈውን ቃል በቃል ማንበብ እንጂ በወሬ መሄድ አይገባም።

አሁን ከበስተኋላችን ወደ ተሰቀለው ሰሌዳ ተመልከቱ። ይህን የሠራነው በክበባችን ሲሆን፣ ማንም በካርቶንና በቀለም ሊሠራው ይችላል። በላዩ ያለው ምልክት እንደ መንሽ ሦስት ጣት አለው፤ ጣቶቹም አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ፣ አንድ ጊዜ ወደ ላይ፣ አንድ ጊዜ ወደ ታች ይዞራሉ። ፊደል ያልቆጠረች እናታችንም ብትሆን የመንሹን አቅጣጫ በእጇ ማሳየት ስለምትችል ለሁሉም ይሆናል። የታችኛው ረድፍ ቁመቱ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከአተር ፍሬ ጥቂት ከፍ ይላል። ይህ የ6/6 ረድፍ ነው። ከርሱ በላይ 13 ሚሊ ሜትር የሆነው የ6/9፣ ከዚያም በላይ 17 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነው የ6/12 ነው። የእያንዳንዱ ጣት ውፍረትና በጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት የምልክቱ ቁመት አምስተኛ እጅ መሆን አለበት። ስድስት ሜትር በገመድ ለክታችሁ፣ በደህና ብርሃን ቁማችሁ፣ አንዱን ዓይን በመዳፍ ሳትጫኑት ሸፍናችሁ ተመልከቱ። ሁለቱን ዓይን በየተራ መመርመር ግድ ነው፤ አንዱ ዓይን ደህና ከሆነ የሌላውን ድካም ስለሚሸፍንለት ዓመታት ሳይታወቅ ይኖራልና።

ረድፉ ከደበዘዘባችሁስ? እዚህ ላይ መርፌ ያስፈልገናል። አንድ ጠንካራ ወረቀት በመርፌ ብሱና በቀዳዳዋ ውስጥ ያንኑ ረድፍ ተመልከቱ። ሩቅ የማያይ ሰው ዓይን ብዙ ጊዜ ከልኩ ጥቂት ስለሚረዝም፣ የብርሃኑ ጨረሮች ሬቲና ከሚባለው ከኋለኛው ሽፋን ሳይደርሱ ከፊቱ ተገናኝተው ምስሉ ይደበዝዛል። የመርፌዋ ቀዳዳ የምታሳልፈው ቀጭን ጨረር ብቻ ስለ ሆነ ድብዛዜው ይቀንሳል። ስለዚህ በቀዳዳዋ ሲያዩ ረድፉ ጥርት ካለ ጉዳዩ የመነጽር ጉዳይ ነው ለማለት ይቻላል፤ ደስ ሊላችሁ ይገባል። ጥርት ካላለ ግን ሌላ ነገር ሊኖር ይችላልና ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ሂዱ። በሁለቱም ጊዜ ቢሆን የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው የዓይን ሐኪም እንጂ የእኛ ሰሌዳ አይደለም።

መነጽር ስንል አንዳንድ ወላጆች «ገና በልጅነቱ መነጽር ካደረገ ዓይኑ ይደክማል» እንደሚሉ እናውቃለን። በአክብሮት እንናገራለን፤ ይህ ትክክል አይደለም። የሩቅ ዕይታ ድካም የሚጨምረው ልጁ በሚያድግበት ዘመን ዓይኑም ስለሚያድግ ነው፤ መነጽሩ አያመጣውም። እስከ 20 ዓመት አካባቢ ሊለወጥ ስለሚችልም በየዓመቱ መለካት ይገባል። ከሜዳ የዋለ ልጅ በቤት ውስጥ ከዋለው ይልቅ ለዚህ ድካም እንደማይጋለጥ በእስያ አገሮች የተደረገ ጥናት አሳይቷል፤ እንግዲህ ከብት ስንጠብቅ የዋልንበት ቀን ሁሉ ከንቱ አልነበረም ማለት ነው። ለጓደኞቻችንም አንድ ቃል አለን። መነጽር ያደረገውን ልጅ «አራት ዓይን» እያላችሁ የምትስቁ፣ የብሉዩን፣ የሐዲሱን፣ የሊቃውንቱንና የመነኮሳቱን ትርጓሜ ጠንቅቆ ያወቀ መምህር በአገራችን ምን ተብሎ እንደሚከበር አያቶቻችሁን ጠይቁ። አራት ዓይና ነው የሚባለው!

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። መነጽር የማያቃናው ጉዳት አለ፤ እርሱም በአካባቢያችን የታወቀ ነው። የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከጸናባቸው አገሮች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። በሽታው በዝንብ፣ በእጅና በጨርቅ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። ደጋግሞ ሲይዝ የቆቡን ውስጠኛ ክፍል ያጠባስሰዋል፤ ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ዓይኑን ይፍቀዋል። እናቶቻችን በወረንጦ እየነቀሉ የሚሠቃዩት በዚህ ነው። ቆቡን የሚያቃና ቀዶ ሕክምና አለ፤ ፍቀቱን ያቆማል። በዓይኑ ፊት ባለው እንደ መስተዋት በጠራው ሽፋን ላይ አስቀድሞ የወጣውን ነጭ ጠባሳ ግን መልሶ አያጠራውም፤ በጠባሳም ውስጥ የትኛውም መነጽር 6/9 አያሳይም። ስለዚህ የዛሬ 15 ዓመት አብራሪ የሚሆነው ሕፃን ዝግጅቱ ዛሬ ጠዋት ፊቱን በንጹሕ ውኃ ሲታጠብ ይጀምራል ብንል ማጋነን አይደለም። የአዚትሮማይሲን መድኃኒት በየቀበሌው በሚታደልበት ቀንም ከቤተሰቡ አንድ ሰው እንኳ ባይቀር መልካም ነው። ሲመሽ ዳፍንት የሚይዘው ልጅም ካለ በቫይታሚን «ኤ» እጥረት ሊሆን ይችላልና ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ ጎመን፣ ዱባ፣ ካሮት፣ እንቁላል፣ ወተትና ጉበት ይህን ቫይታሚን ይሰጣሉ።

ሁለተኛው መነጽር የማያቃናው ነገር ቀለም አለመለየት ነው። ይህ በዘር የሚወረስ ነው፤ ከእናት ወደ ልጅ በሚተላለፍ አኳኋን ስለሚሄድም በወንዶች ላይ ይበዛል። ሐኪሞች የሚመረምሩት ጃፓናዊው ሐኪም ሺኖቡ ኢሺሃራ እ.ኤ.አ. በ1917 ዓ.ም. ባወጣቸው በነጠብጣብ መካከል ቁጥር በተሰወረባቸው ሥዕሎች ነው። ነገሩ ለጨዋታ አይደለም። አይሮፕላን ወደ ማረፊያው ሲወርድ ከሜዳው ዳር አራት መብራቶች በአንድ ረድፍ ይታያሉ፤ ሁለቱ ነጭ ሁለቱ ቀይ ከሆኑ መንገዱ ልክ ነው፣ ነጩ ከበዛ ከልክ በላይ ከፍ ብሏል፣ ቀዩ ከበዛ ዝቅ ብሏል። ቀይን ከነጭ ያልለየ ሰው ከበስተኋላው ያሉትን መንገደኞች ምን ሊያደርጋቸው ነው? በሥዕሎቹ የወደቀ ሰው በሌላ መሣሪያ እንደገና ሊመረመር ይችላል፤ በዚያም ካልሆነለት ቀደም ብሎ ማወቁ ሌላ ሙያ ለመምረጥ ጊዜ ይሰጠዋል።

አንዳንድ ሰዎች የፊደሉን ሰሌዳ በቃል አጥንቶ መግባት ይቻላል ይላሉ። እንዲህ ያለውን ምክር አትስሙ። ሰሌዳው ይለዋወጣል፤ በመሣሪያ ዓይንን የሚለካው ሐኪምም የሰውየውን ቃል ሳይጠብቅ የዓይኑን ልክ ያነብባል። የጤናው ማረጋገጫ በየ12 ወሩ የሚታደስ ስለ ሆነ አንድ ጊዜ ያታለለ ሰው ዕድሜ ልኩን ሲያታልል መኖር አለበት። ከዚህም ሁሉ በላይ፣ በደመና ውስጥ ወርዶ የማረፊያውን መብራት የሚፈልገው ያው ዓይን ነው፤ መብራቱ በቃል አይጠናም።

«ዋይሊ ፖስት በአንድ ዓይኑ ዓለምን ዞሮ የለምን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። አሜሪካዊው ዋይሊ ፖስት የግራ ዓይኑን እ.ኤ.አ. በ1926 ዓ.ም. በነዳጅ ጉድጓድ ሥራ ላይ በደረሰበት አደጋ አጥቶ፣ በ1933 ዓ.ም. ዓለምን ለብቻው በአይሮፕላን የዞረ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። የፈጀበትም 8 ቀን እንኳ አልሞላም። እናደንቀዋለን። ነገር ግን ከበስተኋላው መንገደኛ አልተቀመጠም ነበር።

ወደ ምርመራ የሚሄድ ተማሪ ምን ይያዝ? አስቀድሞ በደብረ ማርቆስ፣ በባሕር ዳር ወይም በጎንደር የዓይን ሐኪም ዘንድ ይለካ፤ መነጽሩንም ቀደም ብሎ አሠርቶ ይልመደው፣ አዲስ መነጽር መጀመሪያ ራስ ያዞራልና። መነጽሩንና ሐኪሙ የጻፈለትን የልክ ወረቀት ይዞ ይሂድ። ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዞ ጠዋት ቀይ ዓይን ይዞ ከመቅረብ አንድ ቀን ቀድሞ ገብቶ መተኛት ይሻላል። ዓይንን በጨረር ስለሚያቃናው ቀዶ ሕክምና የሚጠይቁም አሉ። ደንቡ አይከለክለውም፤ ነገር ግን ብርሃን መበተንን የመሰለ ጉድለት አለመተዉ መረጋገጥ አለበት፣ የሚደረገውም ዓይኑ መለወጡን ካቆመ በኋላ ነው። ለተማሪ ከዚያ ይልቅ መነጽር ይረክሳል።

ሰሌዳው ከዛሬ ጀምሮ በቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ስድስቱ ሜትርም በወለሉ ላይ በነጭ ቀለም ተሠምሯል። ወላጆቻችን በገበያ ቀን ወደ ከተማ ስትወጡ ትንንሾቹን ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን ይዛችሁ ብትመጡ ከክበባችን ሁለት ተማሪዎች ተረኛ ሆነው ይጠብቋችኋል። ገመድ አያስፈልጋችሁም፤ መርፌና ወረቀትም እኛ ዘንድ አለ።