የድንጋዩ መንገድና ባለቤቶቹ፦ የፓሪስ–ሩቤ የብስክሌት ውድድር ታሪክ



በዚህ አዳራሽ ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነቶችና ስለ ውሎች ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። ዛሬ የማቀርብላችሁ የአንድ ቀን የብስክሌት ውድድር ታሪክ ነው። ርእሱ ለታሪክ ትምህርት የቀለለ የሚመስለው ሰው ቢኖር አልቀየመውም። ሆኖም ይህ ውድድር ዘወትር የምንከራከርበትን አንድ ጥያቄ አጉልቶ ያሳየናል፦ አንድ ተራ ነገር ቅርስ የሚሆነው መቼ ነው? ዋጋውንስ የሚከፍለው ማን ነው? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ አስታውሳለሁ።

ሩቤ በሰሜን ፈረንሳይ፣ ከቤልጂየም ድንበር አጠገብ የምትገኝ፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቿ ስሟ የገነነ ከተማ ነበረች። በ1895 ቴዎዶር ቪየንና ሞሪስ ፔሬዝ የተባሉ ሁለት የፈትል ፋብሪካ ባለቤቶች በዚያ ቬሎድሮም፣ ማለትም የብስክሌት መሽቀዳደሚያ ሜዳ አሠሩ። ሜዳው እንዲታወቅላቸውም ከፓሪስ ተነሥቶ በእርሱ ላይ የሚያበቃ ውድድር አሰቡ፤ ሐሳባቸውን «ለ ቬሎ» ለተባለው የስፖርት ጋዜጣ አቀረቡ። በዚያን ዘመን ታላቁ ውድድር ከቦርዶ ወደ ፓሪስ የሚደረገው ስለነበር፣ አዲሱ ለእርሱ መለማመጃ ይሆናል ተባለ። የመጀመሪያው ውድድር ኤፕሪል 19 ቀን 1896 ተካሄደ፤ 280 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ ጀርመናዊው ዮሴፍ ፊሸር በአንደኛነት ፈጸመ። በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ያሸነፈው ሞሪስ ጋረን ከጣሊያን የፈለሰ፣ ቀድሞ የጭስ ማውጫ ጠራጊ የነበረ ሰው ነው። ይኸው ሰው በ1903 የመጀመሪያውን ቱር ደ ፍራንስ አሸንፏል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ዛሬ ውድድሩ የሚታወቅበት የድንጋይ ንጣፍ፣ እኛ ኮብልስቶን የምንለው፣ ያን ጊዜ ማንንም አያስደንቅም ነበር። ጋሪውም፣ ገበሬውም፣ ወታደሩም የሚሄድበት የአገሩ መንገድ ነውና።

ከዚያ የአንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ከ1915 እስከ 1918 ውድድሩ ተቋረጠ። የ1913ቱ አሸናፊ ፍራንስዋ ፋበር በ1915 በጦር ግንባር ወደቀ፤ ከ1909 ጀምሮ ሦስት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈው ኦክታቭ ላፒዝም አብራሪ ሆኖ ሲዋጋ በ1917 ሞተ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ በ1919፣ ውድድሩ ይቻል እንደሆነ ለማየት ጥቂት ሰዎች ከፓሪስ ወደ ሰሜን ተጓዙ። ያገኙት የፈራረሱ መንደሮች፣ በመድፍ የታረሰ ምድርና የተቃጠለ የዛፍ ጉቶ ነበር። «የሰሜኑ ሲኦል» የሚለው ስም የተወለደው ከዚህ ጉዞ ነው። ዛሬ ብዙ ተመልካች ስሙ ለድንጋዩ የተሰጠ ይመስለዋል፤ ሲኦል የተባለው ግን ጦርነቱ ያደረሰው ጥፋት ነበር። በዚያው ዓመት አንሪ ፔሊሲዬ ያሸነፈው ከ12 ሰዓት በላይ ፔዳል ረግጦ ነው። ስያሜ እንዲህ ነው፤ የወለደው ሐዘን ሲረሳ ሌላ ትርጉም ተሰጥቶት ይኖራል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለውድድሩ ሌላ አደጋ መጣ፤ ይህኛው ልማት ነበር። በየመንደሩ አስፋልት ተነጠፈ። ቴሌቪዥን ውድድሩን ማሳየት ሲጀምር ደግሞ፣ የመንደራቸው መንገድ እንደ ኋላ ቀር ነገር በአገር ፊት መታየቱ ያሳፈራቸው ከንቲባዎች ድንጋዩን በአስፋልት ለመሸፈን ተሽቀዳደሙ። በ1965 በመላው የውድድሩ መስመር የቀረው የድንጋይ መንገድ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር መንገድ የሚቆረጥበትን አገር የሚያውቅ ሰው በእነዚያ ከንቲባዎች ላይ አይፈርድም። ሕዝባቸው ያለ ሥቃይ ገበያ እንዲደርስ መፈለጋቸው ተገቢ ነበር።

ያም ሆኖ ድንጋዩ ከጠፋ ውድድሩ ከሌሎች የሚለይበት ነገር አይኖርም። ስለዚህ ከአዘጋጆቹ አንዱ የነበረው አልቤር ቡቬ ያልተነካ የድንጋይ መንገድ ፍለጋ ወጣ። መንገዱን የጠቆመው ዣን ስታብሊንስኪ ነው። ስታብሊንስኪ ከፖላንድ የፈለሱ ወላጆች ልጅ፣ የ1962 የዓለም ሻምፒዮን፣ በወጣትነቱም የከሰል ማዕድን ቆፋሪ ነበር። ያመለከተው በአረንበርግ ጫካ መካከል የሚያልፈውን፣ ከሁለት ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ቀጥ ያለ የድንጋይ መንገድ ነበር። ስታብሊንስኪ ከዚያ ምድር በታች ከሰል ቆፍሯል፤ በ1968 ጫካው ለመጀመሪያ ጊዜ በውድድሩ ሲገባ ደግሞ ከላዩ ላይ በብስክሌት አለፈ። በዚያ ዓመት ያሸነፈው ቤልጂየማዊው ኤዲ መርክስ ነበር። የመነሻው ቦታም ከፓሪስ እየራቀ ሄዶ፣ ዛሬ ውድድሩ የሚጀምረው ከኮምፒየኝ ከተማ ነው። ፓሪስ በስሙ ብቻ ቀርታለች።

የአረንበርግ የማዕድን ጉድጓድ በ1989 ተዘጋ። የአካባቢው የማዕድን ቀጠና በ2012 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። ሠራተኞቹ ሲያልፉበት ማንም ዞሮ ያላየው መንገድ ዛሬ ለመኪና ዝግ ነው፤ በድንጋዮቹ መካከል ሣር ስለሚበቅልም በ2024 ከውድድሩ አስቀድሞ ፍየሎች ተሰማርተው እንዲግጡት ተደርጓል። «የፓሪስ–ሩቤ ወዳጆች» የተባለ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር የተነቀለውን ድንጋይ እየተከለ፣ የጎደጎደውን እየሞላ መንገዱን ይጠብቃል፤ የአካባቢው የሙያ ትምህርት ቤት ተማሪዎችም ያግዙታል። አሸናፊው የሚቀበለው ሽልማት በመቀመጫ ላይ የቆመ አንድ የመንገድ ድንጋይ ነው። ከንቲባዎቹ ያፈሩበት ድንጋይ በሁለት እጅ ወደ ሰማይ የሚነሣ ክብር ሆኗል።

ታሪኩን በዚህ ብንዘጋው ግን ግማሹን ብቻ ተናግረናል። ይህ ሁሉ ክብር ለሴቶች የተከፈተው ኦክቶበር 2 ቀን 2021፣ ከመጀመሪያው ውድድር 125 ዓመታት በኋላ ነው። ብሪታንያዊቷ ሊዚ ዴይግናን ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ብቻዋን ነድታ አሸነፈች፤ ያለ ጓንት በመጋለቧ የመሪው መያዣ በእጇ ደም ተበክሎ ታየ። ከአዘጋጆቹ የተመደበላት ሽልማት 1,535 ዩሮ ሲሆን፣ በማግሥቱ በጭቃ ተለውሶ ያሸነፈው ጣሊያናዊው ሶኒ ኮልብሬሊ የተመደበለት 30,000 ዩሮ ነበር። የሴቶቹ መስመር አጭር መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን የርቀቱ ልዩነት የገንዘቡን ልዩነት አያስረዳም።

ውድ ተማሪዎች፤ ከዚህ ታሪክ ይዛችሁ እንድትሄዱ የምሻው ይህን ነው። ድንጋዩ በራሱ ቅርስ አልነበረም። የፋብሪካ ባለቤቶች ለገበያ ተጠቀሙበት፤ ጦርነት ስም ሰጠው፤ ከንቲባዎች አፈሩበት፤ የቀድሞ ማዕድን ቆፋሪ አስታወሰው፤ በጎ ፈቃደኞች በጉልበታቸው አቆዩት። ቅርስ እንዲህ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ሥራ ነው፤ የሚሠራው ሰው ሲጠፋ ያበቃል። ስለዚህ በጥናታችሁ አንድ ነገር «ቅርስ ነው፣ ይጠበቅ» ተብሎ ስታገኙ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ በላዩ የሚኖረው ሕዝብ ምን ይላል? ከክብሩስ የተገለለ ማን አለ? መንገዱ እንዲጠበቅ የሚፈልገው በዓመት አንድ ቀን የሚያልፍበት ከሆነ፣ በቀሩት ቀናት የሚመላለስበትን ሰው ሳይሰሙ መፍረድ የታሪክ ባለሙያ ወግ አይደለም።